በክፍያ የሚገባበት የአባላት ድረ ገጽ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት የስፌት መኪና በያዘች ሳሎን ውስጥ ልብስ ስፌት አስተምራለሁ። ከአያት፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ የሚደውሉ ሴቶች «መማሩን እፈልጋለሁ፣ ግን ሦስት ታክሲ ቀያይሬ እዚያ ድረስ እንዴት እመጣለሁ?» ይሉኝ ነበር። ልክ ናቸው። እኔም ጨርቅ ልገዛ መርካቶ ስወርድ ቀኔ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርቱን በቪዲዮ ቀረጽኩና በወር ክፍያ የሚገባበት ድረ ገጽ ከፈትኩ።

አሁን ስለ ስፌቱ ከሚጠይቁኝ ስለ ድረ ገጹ የሚጠይቁኝ በዝተዋል። ሒሳብ የሚያስጠና፣ ኬክ የምታስተምር፣ ዶሮ እርባታ የሚያሠለጥን። ሁሉንም በስልክ መመለስ ስላልቻልኩ እዚህ ጻፍኩት።

ከምን ልጀምር? ድረ ገጹን ከማሠራት?

ቆይ፣ ድረ ገጹን ለጊዜው አትንኩት። መጀመሪያ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰው ሰብስቡ። ዝግ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፣ ክፍያውን በእጅ ተቀበሉ፣ በደብተር መዝግቡ። ሁለት ሦስት ወር እንዲሁ ሂዱ።

እኔ የጀመርኩበት ደብተር አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አምስት ዓምድ አስምሬበታለሁ፦ ስም፣ ስልክ፣ የከፈለችበት ቀን፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የመጨረሻው ደግሞ «ምን ሰፋች»። ይህን የመጨረሻውን ያሰመርኩት ለራሴ ደስታ ነበር። ጉርድ ሰፍታ ፎቶ የላከችልኝ ካለች «ጉርድ» ብዬ እጽፋለሁ። በሦስተኛው ወር ቁጭ ብዬ ደብተሩን ሳገላብጥ ግን ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ታየኝ። ያ ዓምድ ባዶ የሆነባቸው ሴቶች ከሁለት በስተቀር ማንም ተመልሳ አልከፈለችም። የትራስ ልብስ እንኳ የሰፋች ግን ከፍላለች።

ድረ ገጹን ያሠራሁት ይህን ካየሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ወር ሰው ጓጉቶ ይከፍላል። አባልነት የሚባለው ነገር የሚጀምረው በሁለተኛው ወር ነው። ሶፍትዌር ስትመርጡም፣ ዋጋ ስትቆርጡም፣ ትምህርት ስታዘጋጁም ያንን ሁለተኛ ወር አስቡ።

በምን ሶፍትዌር ልሥራው?

እኔ የምጠቀመው ዎርድፕረስ ነው። ከ2003 (በፈረንጅ) ጀምሮ ያለ ነገር ስለሆነ የሚያውቀው ባለሙያ አይጠፋም። የሠራላችሁ ልጅ ሥራ ቀይሮ ቢሄድ ሌላ ታገኛላችሁ። ዎርድፕረስ ላይ የአባልነት ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ሥራ የሚያሠራው ቅጥያ ሶፍትዌር፣ ይጫናል። ፔይድ ሜምበርሺፕስ ፕሮ በነፃ የሚጀመር አለው። ሜምበርፕረስ በየዓመቱ በዶላር ይከፈልበታል።

ጎስት የሚባለው ደግሞ በጣም ቆንጆና ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ያሞግሰዋል። ችግሩ ክፍያው የተሠራው ስትራይፕ በሚባል የውጭ የክፍያ ድርጅት ላይ ነው። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። ሰብስታክም እንደዚሁ በስትራይፕ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ማንም «ይህን ተጠቀሚ» ሲላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ብር ይገባበታል ወይ?

ክፍያውን እንዴት ልቀበል?

ደንበኞቻችሁ በሚከፍሉበት ሁሉ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ የኔ ተማሪዎች በአብዛኛው በሱ ነው የሚከፍሉት። ሲቢኢ ብር የምትጠቀምም አለች። ኤም-ፔሳም ከነሐሴ 2015 ወዲህ አለ። እነዚህን አንድ በአንድ ከድረ ገጹ ጋር ማገናኘት ያደክማል። እንደ ቻፓ ያለ የክፍያ መግቢያ ብትይዙ ግን ደንበኛዋ የምትፈልገውን መርጣ ትከፍላለች። ለነጋዴ አካውንት ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠየቃል፤ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ደንበኛዋ ፒን አስገብታ ስትጨርስ ወደ ናንተ ገጽ ትመለሳለች፤ «እናመሰግናለን» የሚል ይመጣላታል። ድረ ገጹ በሩን መክፈት ያለበት በዚህ ገጽ አይደለም። የዚያን ገጽ አድራሻ ያወቀ ሁሉ ሳይከፍል ይገባል። ክፍያው ሲሳካ የክፍያ መግቢያው ሰርቨር (ድረ ገጹ የሚሠራበት ኮምፒውተር) ለናንተ ሰርቨር በቀጥታ መልእክት ይልካል፤ ዌብሁክ ይሉታል። የናንተ ሰርቨር መልእክቱ ሲደርሰው ተመልሶ መጠየቅ አለበት፦ ይህ ሪፈረንስ ቁጥር (የክፍያው መለያ) እውነት ተከፍሏል? ስንት ብር? መልሱ ትክክል ከሆነ ይክፈት። ደግሞ ያው መልእክት ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ለአንድ ክፍያ 60 ቀን እንዳይሰጥ፣ አንዴ የተቆጠረ ሪፈረንስ ዳግም እንዳይቆጠር አድርጉት። ለሚሠራላችሁ ባለሙያ ይህን አንቀጽ እንዳለ አሳዩት።

በእጅ ስትቀበሉ ደግሞ በስክሪንሹት አትክፈቱ። አንድ ማታ እራት እያቀረብኩ ስክሪንሹት መጣልኝ። 300 ብር፣ ስሜም በትክክል ተጽፏል። አየት አድርጌ «እሺ የኔ እህት» ብዬ ከፈትኩላት። ጠዋት ከስልኬ መልእክቶች ጋር ሳመሳክር ገንዘቡ የለም። ምስሉን አሳድጌ አየሁት። ቀኑ ያለበት ጠርዝ ተቆርጧል፤ የግብይት ቁጥሩ ያለፈው ወር ነው። ደወልኩላት። ዝም አለች፣ ከዚያ «ደሞዝ ዘግይቶብኝ ነው እትዬ፣ ትምህርቱ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልዘጋሁባትም። ያን ሳምንት ግን ሁለት ነገር ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ የማምነው የግብይት ቁጥሩን ራሴ ሳገኘው ብቻ ነው። ሁለተኛው ከታች አለ።

በየወሩ ራሱ እንዲቆርጥ ማድረግ ይቻላል?

ውጭ አገር ካርድ ላይ እንደሚደረገው አይደለም። እኔ ጋ አባሏ በየወሩ ራሷ ፒን አስገብታ ነው የምትከፍለው። ይህ ማለት በየወሩ «ልቀጥል ወይስ ልተው?» ብላ ታስባለች ማለት ነው። ለኛ ከባድ ነው። ግን ሳታውቀው የተቆረጠባት ሴት አትኖርም፤ እኔ ይህን እወደዋለሁ።

ስለዚህ ማስታወስ የናንተ ሥራ ነው። ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ባለቀበት ቀን አንድ። በቃ። መልእክቱ ውስጥ የክፍያውን ሊንክ አስገቡ፣ አንዴ ነክታ እንድትከፍል። ኢሜይል ላይ አትተማመኑ፤ የኔ አባላት አብዛኞቹ ኢሜይላቸውን የከፈቱት ስልክ የገዙ ቀን ነው።

ሁለተኛው የቀየርኩት ነገር ይኸው፦ ካለቀ በኋላ አምስት ቀን በሩ ክፍት ይቆያል። ደሞዝ የሚዘገይበት ሰው ብዙ ነው። አምስት ቀን ስለታገስኩ የከሰርኩት ነገር የለም። ሲዘጋም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የጨረሰቻቸው ትምህርቶችና ራሷ የላከቻቸው ፎቶዎች ይታዩአታል። የራሷን ሥራ የምታይበት ቦታ ካላት ለመመለስ አይከብዳትም።

ወር ስንት ቀን ብዬ ልቁጠር? ጳጉሜንስ?

ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየዓመቱ ያጨቃጭቃል። አብዛኛው ሶፍትዌር ወርን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ አንዴ 28 ቀን፣ አንዴ 31። መስከረም 5 የከፈለች ሴት ደግሞ የምታውቀው ጥቅምት 5 ያልቃል ብላ ነው። ስለዚህ «በየወሩ» የሚለውን ትታችሁ «30 ቀን» የሚለውን ምረጡ። ከኛ ወር ጋር ልክክ ይላል።

ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገር ግን ጳጉሜን ትመጣለች። «ጳጉሜንንም ቆጠርሽብኝ?» የሚል ስልክ እኔ ሰልችቶኛል። አሁን በየዓመቱ ለሁሉም አባል የጳጉሜንን ቀኖች እጨምራለሁ። አምስት ቀን ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፤ 2015 ላይ ስድስት ነበረች፣ ቀጥሎ 2019 ነው። በእነዚያ ቀኖች በሩን ላልከፈሉም እከፍተዋለሁ። ለእንቁጣጣሽ የልጅ ቀሚስ መስፋት የፈለገች ሁሉ ትገባለች። በዓመት ውስጥ ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ አዲስ አባል የማገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰዓቱንም አስተካክሉ። ዎርድፕረስ እንደተጫነ የሚቆጥረው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ከኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። ወደ አዲስ አበባ ካልቀየራችሁት እኩለ ሌሊት ላይ መዘጋት ያለበት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይዘጋል። የቀጥታ ትምህርት ስትጠሩ ደግሞ «8:00» ብላችሁ አትጻፉ። «ማታ 2 ሰዓት» በሉ። እኔ በቁጥር ጽፌ ግማሾቹ ቀን በ8 ሰዓት ገብተው ባዶ ስክሪን ሲያዩ ዋሉ።

ስንት ላስከፍል?

እናንተ ዘንድ በአካል ለመማር አንዲት ሴት ለታክሲ ብቻ ስንት ታወጣለች? ከዚያ ተነሱ። የኔ በወር 300 ብር ነው። የዓመት ክፍያ የአሥር ወር ዋጋ ነው።

ወጪያችሁ ግን በዶላር መሆኑን አትርሱ። ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ ኪራይ)፣ የቪዲዮ ማከማቻ፣ ፕለጊን፣ ሁሉም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲቀየር ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ወራት ሳይቆይ ከ120 አለፈ። ያው ሆስቲንግ በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። አባሎቼ ላይ ግን በአንድ ጊዜ እጥፍ መጨመር አልችልም። የዓመት ዋጋ ስትቆርጡ ትንሽ ትርፍ ለዚህ አስቀምጡ። የነባሮቹን ዋጋ ከመጨመራችሁ በፊትም ከሁለት ወር ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ውጭ አገር ያሉትስ እንዴት ይክፈሉ?

ሁለት ዓይነት ናቸው። ካርድ ያላቸው አሉ፤ ለነሱ የክፍያ መግቢያችሁን «የውጭ ካርድ ይከፈትልኝ» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔን በጣም የሚያሳስቡኝ ሁለተኞቹ ናቸው። ቤይሩትና ዱባይ ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች። አገር ሲመለሱ የስፌት መኪና ገዝተው ሊሰፉ ያስባሉ፤ ማታ ሥራ ሲያልቅ ስልካቸው ላይ ያያሉ። ካርድ የላቸውም። የምትከፍልላቸው እዚህ ያለች እህት ወይም እናት ናት። ድረ ገጻችን ግን ከፋይና አባል አንድ ሰው ነው ብሎ ነበር የተሠራው። እናቲቱ በራሷ ስልክ ስትከፍል በሩ ለእናቲቱ ይከፈታል፤ ልጅቱ ውጭ ትቀራለች። አሁን የክፍያው ገጽ ላይ «ለማን ነው የሚከፍሉት?» የሚል ሳጥን አለ፤ የአባሏን ስልክ ያስገባሉ። ይህን ሳጥን ከመጀመሪያው ቀን አስገቡት። ውጭ ላሉት ብቻ አይደለም፤ ለሚስቱ የሚከፍል ባል፣ ለተማሪዋ የምትከፍል አክስትም አለች።

ፓስዎርድ እየረሱ ያስቸግሩኛል። ምን ላድርግ?

ፓስዎርዱን ተዉት። በስልክ ቁጥር ይግቡ፤ በጽሑፍ መልእክት ኮድ ይምጣላቸው። ስልኳን የማታስታውስ ሴት የለችም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንዷ ሴት ዛሬ 09 ብላ ትመዘገባለች፣ በሚቀጥለው ወር 251 ብላ ትጽፋለች። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናት ይላል። ከፍላ «ተዘጋብኝ» ትላችኋለች። ቁጥሩ እንዴትም ቢጻፍ ወደ አንድ ቅርጽ ቀይሮ እንዲያስቀምጥ አድርጉ። በ07 የሚጀምሩትንም እንዲቀበል፤ የሳፋሪኮም ቁጥር ያላት እየበዛች ነው።

ቪዲዮዬን ቢሰርቁትስ?

ይሰርቁታል። ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ነገር የለም፤ ስልክ በስልክ ይቀረጻል። ዩቲዩብ ላይ «ሊንኩ ያለው ብቻ የሚያየው» አድርጎ ማስቀመጥ ግን መቆለፍ አይባልም፤ ሊንኩን አንዷ ግሩፕ ላይ ከለጠፈችው ተበተነ። ከናንተ ድረ ገጽ ውጭ እንዳይጫወት የሚያደርግ የቪዲዮ ማከማቻ ተጠቀሙ፤ ቪሜኦ ይህን ይሰጣል። በአንድ አካውንት በአንድ ጊዜ ከሁለት ስልክ በላይ እንዳይገባ አድርጉ።

ከስርቆቱ ይልቅ ግን ስለ ዳታ አስቡ። በ720 ጥራት አንድ ደቂቃ ወደ 15 ሜጋባይት ይበላል። በ360 ከሆነ ወደ 5 ሜጋባይት። የሃያ ደቂቃ ትምህርት 300 ወይም 100 ሜጋ ማለት ነው። ለኔ አባላት ይህ ብዙ ነው። ስለዚህ በ360 እንዲጀምር አድርጌዋለሁ፤ የፈለገች ከፍ ታደርጋለች። መርፌውና ክሩ በግልጽ እንዲታይ ደግሞ ካሜራውን አስጠጋለሁ። ትምህርቱንም ቆራርጬዋለሁ። የተደበቀ ዚፕ አገጣጠም ድሮ አንድ ረጅም ቪዲዮ ነበር። አሁን አራት ነው፦ መተኮስ፣ ማያያዝ፣ መስፋት፣ ታችኛውን መዝጋት። የተሳሳተችው ሦስተኛው ላይ ከሆነ ሦስተኛውን ብቻ ደግማ ታያለች።

ድረ ገጼ ውስጥ የአማርኛ ቃል ሲፈለግ አይገኝም። ለምን?

ፊደሉ ነው። እናንተ «ሥራ» ብላችሁ ጽፋችኋል፣ እሷ «ስራ» ብላ ትፈልጋለች። ለኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ቃል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። ባለሙያው ፍለጋው ላይ እነዚህን እንደ አንድ እንዲቆጥር ያድርግላችሁ። ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። «ትምህርቱ የለም» ብላ የምትወጣ አባል ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ከፊቷ ተቀምጦ ነው።

ሕጉስ? ግብሩስ?

ንግድ ፈቃድ አውጡ፣ ገቢያችሁን መዝግቡ፣ ደረሰኝ ቁረጡ። የትኛው ዘርፍ ውስጥ እንደምትገቡ የሒሳብ ባለሙያ አማክሩ፤ በሰው ወሬ አትሂዱ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ። ከሁሉ በላይ ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ። የሰው ስም፣ ስልክና የክፍያ ታሪክ ይዛችኋል። የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ። እኔ የትውልድ ቀንና አድራሻ የሚለውን ከቅጹ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ቀሚስ ለማስተማር አያስፈልገኝም። የአባላትን ስልክ ዝርዝርም ለማንም አልሰጥም፤ ጨርቅ ሻጭ ዝርዝሩን በገንዘብ ልግዛ ቢለኝም።

ገንዘቤን መልሺ ብትለኝስ?

መልሱላት። በሰባት ቀን ውስጥ ከጠየቀች ሳልከራከር እመልሳለሁ። ለምን እንደሆነ ግን እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ለሚቀጥለው ሥራዬ ይጠቅመኛል።

መብራት ሲጠፋ ድረ ገጹ ይዘጋል?

አይዘጋም። ሰርቨሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የምትቸገሩት እናንተ ናችሁ። እዚህ ሰፈር መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ክፍያ ማየትና አባል መርዳት በስልክ የሚቻል ይሁን። አዲስ ትምህርትም ቀድማችሁ ጫኑና በቀኑና በሰዓቱ ራሱ እንዲወጣ አድርጉ።

ባካፕ (የድረ ገጹን መጠባበቂያ ቅጂ) በየቀኑ ራሱ ይውሰድ፤ የሚቀመጠው ደግሞ ከሆስቲንጉ ውጭ ይሁን። አንዴ እንኳ መልሳችሁ አስነሥታችሁ ሞክሩት። እኔ ስሞክረው ባዶ ፋይል ሲያስቀምጥልኝ እንደከረመ ያወቅኩት ያኔ ነው።

አባላት ለምን ይወጣሉ?

ዋጋ ተወደደ ብለው የሚወጡ አሉ፤ ግን ከምታስቡት ያነሱ ናቸው። አብዛኞቹ የሚወጡት አንድ ቦታ ላይ ተይዘው ነው። ተይዘው ዝም ይላሉ፤ ያፍራሉ፤ ከዚያ ወሩ ያልቃል።

ስለዚህ ያቺ «ምን ሰፋች» የምትለዋ ዓምድ አሁን ድረ ገጹ ላይ አለች። እያንዳንዱ ትምህርት መጨረሻ ላይ ፎቶ መላኪያ አለ። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ሁለት ሳምንት ምንም ያልላኩትን ዝርዝር መክፈት ነው። ከዚያ እደውላለሁ። ስለ ክፍያ አላነሳም። «የት ደረስሽ?» ነው የምለው።

ባለፈው ከሰበታ አንዷን አገኘኋት። ሦስት ሳምንት ነክታው አታውቅም። «መኪናው ተበላሽቶብኝ ነው» አለችኝ። በቪዲዮ ደውዪ አልኳት። ጨርቁን ገልብጣ አሳየችኝ፤ ከሥር ክሩ እንደ ጎጆ ተጠቅልሏል። እሷ የታችኛው ክር ነው ብላ ደጋግማ ፈታታዋለች። እንዲህ ሲሆን ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። የላይኛውን ክር ከመጀመሪያው አስገቢው አልኳት፣ ቀስ እያልሽ፣ እያሳየሽኝ። ወደ ላይና ወደ ታች የምትመላለሰው ብረት ቀዳዳ ጋ ስትደርስ ዘለለቻት። «እዚያች ላይ አላስገባሽም» አልኳት። አስገባች፤ ረገጠች፤ መኪናዋ ሄደች። በስልኩ ውስጥ የመኪናዋ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የትራስ ልብስ ፎቶ ላከች። አንዱ ጥግ ትንሽ ተጣሟል። ዓምዷ ላይ «የትራስ ልብስ» ብዬ ጻፍኩላት።